የዳማው ዘቢብ

አፋፍ ጊዮርጊስ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን የሚጽፈው የአብሮ አደጌ የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ እጅ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአጎትሽ የአለበል ነው። እጁ ያምራል። ቃሉ ያው እንደምታውቂው ነው።

ለወንድሜ ልጅ ለአገኘሁሽ ገብረ ሚካኤል። እንደምን ከርመሻል? የጊዮርጊስ ፈረስ ከፊትሽ ይቅደም፣ ጦሩ ከኋላሽ ይጠብቅሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬ ሥር ካልጮኹ አልሰማም። ስልክ አትደውዪ፤ ቀፎው ሲጮህ ጎረቤት ይሰማል እንጂ እኔ አልሰማም። ደብዳቤ ሸጋ ነው። መሪጌታ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ይጮህልኛል።

ደብዳቤሽና ፎቶግራፍሽ ደረሰኝ። «በወይን ቦታው መካከል በፈረስ እውላለሁ» የምትለው ላይ ሲደርስ አስቆምሁት። «ድገማት» አልሁት፤ ደገማት። ፎቶግራፉንም አየሁት። ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጠሻል፣ ግራና ቀኝሽ ወይን ነው፣ ከኋላሽ ተራራ ቆሟል። አቀማመጥሽ የአባትሽ ነው። ሴት ልጅ ፈረስ ምን ያደርግላታል ሲሉኝ ያስተማርሁሽ እኔ ነኝ፤ ዛሬ ይዩት።

ልጄ፣ እኔ ፊደል አላውቅም እንጂ መሬት አውቃለሁ። በአዝመራ መካከል በፈረስ የሚሄድ ማነው? እዚህ ሰው ፈረሱን በሌላ ሰው ገብስ ውስጥ ቢነዳ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል፣ ካሳ ይቆረጥበታል። ሳይከሰስ የሚያልፍ ባለመሬቱ ብቻ ነው። አንቺ ጨዋ ስለሆንሽ «ወይኑ የእኔ ነው» ብለሽ አልጻፍሽም። እኔ ግን ገብቶኛል።

ትናንት የጊዮርጊስ ማኅበራችን ነበር። ጽዋው ሳይነሣ ብድግ ብዬ ተናገርሁ። «የወንድሜ ልጅ በባሕር ማዶ የወይን ቦታ አላት። ከእንግዲህ የቤተ ክርስቲያናችን የቁርባን ዘቢብ ከእሷ ይመጣል» አልሁ። ቄሰ ገበዝ ኪዳነወልድን ታውቂዋለሽ፤ ጥርሱን ካየነው ስንት ዘመናችን። እሱ እንኳ ሳቀ። ሴቶቹ እልል ሲሉ እልልታው ለእኔም ጆሮ ደረሰ። ገበዙም ዛሬ ጠዋት ለጎንደሩ ነጋዴ «ዘንድሮ ዘቢብ አታምጣልን» ብሎ ላከበት።

እንግዲህ ለሚያዝያ 23 ንግሥ እንዲደርስ አድርጊ። አንድ ከረጢት ይበቃል። ዲያቆኑ ለየቅዳሴው ዘፍዝፎ የሚጨምቀው ጥቂት ጥቂት ነው፣ ዓመት ያደርሳል።

ዳማው ፈረስ ሸጋ ነው። የአባትሽ ፈረስ አይደል፣ ሲያረጅ እንኳ ይጎማለላል። ለጥምቀት ታቦቱን ያጅባል። አንቺ በሌለሽበት በአባትሽ ለቅሶ ቀን፣ ኮርቻውን ገልብጬ ልጓሙን ይዤ በሕዝቡ መካከል ሳዞረው «እሷ እስክትመጣ ይህ ፈረስ ከእጄ አይወጣም» ብያለሁ። ሕዝብ ሰምቷል። አልረሳሁም።

መሪጌታ «እኔም ሰላም ብያታለሁ በልልኝ» ይላል። ብዕሩ አንተ እጅ አይደል ያለው፣ ራስህ በል አልሁት።

አጎትሽ አለበል


ሲሲሊያ፣ ኤትና ተራራ ሥር፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ አለበል፣

ጤናዎ እንዴት ከረመ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መሪጌታን እጅ እነሣለሁ፤ ጮኸው ስለሚያነቡልዎ ጉሮሯቸውን አይጉዳብኝ።

የምውልበትን ልንገርዎ። ጠዋት ፈረሶቹን ጠርገን ኮርቻ እንጭናለን። ከዚያ እንግዶች ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ በዕድሜያቸው ፈረስ ላይ ወጥተው አያውቁም። በአንድ መስመር ተሰልፈን ወደ ወይኑ እንገባለን። መሬቱን ቢያዩት የአፋፍን ጥቁር ድንጋይ ያስታውስዎታል። ተራራው አቅልጦ ያፈሰሰው ድንጋይ ነው አሉ፤ እሱኑ ሰብስበው ካብ ሠርተውበታል፣ በካቡና በካቡ መካከል ወይኑ ተተክሏል። እያንዳንዱ ግንድ ከአንድ እንጨት ጋር ታስሮ እንደ ሰው ለብቻው ይቆማል። መንገዱ አመድ ስለሆነ ኮቴ አይሰማም። እርስዎ ቢኖሩ «ጆሮዬ ባሰብኝ» ይሉ ነበር።

ተራራው ገና ያጨሳል። አንዳንድ ቀን ጥቁር አመድ እንደ ጤፍ ይዘንብና የፈረሶቹን ጋማ እናራግፋለን። ሁለት ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ድሮ ወይን በእግር ይረገጥበት የነበረ የድንጋይ ቤት እንደርሳለን። እንግዶቹ ከፈረስ ወርደው፣ ዳቦና የወይራ ፍሬ ቀርቦላቸው ወይን ይቀምሳሉ። ከሦስት ዓይነት ከአራት ዓይነት ይቀምሳሉ። ከዚያ ይመለሳሉ።

በማኅበር የተናገሩትን አነበብሁት። ወይኑ በጥቅምት ተለቅሞ አልቋል። እስቲ እሞክራለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። መሪጌታ ስልክ አላቸው አይደል? ዳማውን ፎቶግራፍ አንሥተው ይላኩልኝ። ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ማየት አማረኝ።

ልጅዎ አገኘሁሽ


አፋፍ ጊዮርጊስ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ እጅ ነው። ቃሉ የአለበል ነው።

ለልጄ ለአገኘሁሽ። ክረምት ሳይገባ የጊዮርጊስ በረከት ይድረስሽ። እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ዘቢቡ ደርሷል። ንግሡም ሸጋ ነበር። ቅዳሴው በሰዓቱ ገባ፣ በሰዓቱ ወጣ። ስምሽ በመቅደስ ተጠርቷል። እኔንም ከፊት አስቀመጡኝ።

ተራራው ያጨሳል ያልሽው ገርሞኛል። «ማን አነደደው?» ብዬ መሪጌታን ብጠይቀው «ገሃነም እንዲያ ነው» አለኝ። ከገሃነም ራስጌ ላይ ወይን መትከል መቼም የፈረንጅ ድፍረት ነው።

ፎቶግራፍ ላልሽው፣ ዳማው ለግጦሽ ቆላ ወርዷል። ዘንድሮ እዚህ ሣሩ ከፍቷል።

ሌላ የምለው የለኝም። መሪጌታ «ልጅቱ ይህን ያህል አድርጋ በዚህ ይቆማል? ጨምር እንጂ» ይለኛል። አልጨምርም። ደክሞኛል።

አጎትሽ አለበል

ልጄ አገኘሁሽ፣ ይህች ከታች ያለችው የራሴ የጸሐፊው ቃል ናት። በሰማያዊው የውጭ ከረጢት የላክሽውን ዘቢብ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ንጹሕ ነው፣ ከነጋዴው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። አጎትሽ ያን ቀን ዝም አለ። ደስታ እንዲህ ዝም የሚያሰኘው ሰው አይቼ አላውቅም። ወልደ ዮሐንስ።


ሲሲሊያ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ አለበል፣

ከዚህ ወደ አገር ቤት ገብታ ይህን ደብዳቤ የምታመጣልዎ ሴት «ከመሪጌታ ሌላ ሰው ያንብብልዎ» ትልዎታለች። ምክንያት አለኝ። እባክዎ ከአፋፍ ወጥተው ለማያውቅዎ ሰው ይስጡት።

አያ፣ እኔ ዘቢብ አልላክሁም። አንዲት ፍሬ እንኳ አልላክሁም። ሰማያዊውን ከረጢት ግን አውቀዋለሁ፤ አምና ሹራብ የላክሁልዎ በእሱ ነው።

የወይን ቦታውም የእኔ አይደለም። የአንዲት እመቤት ነው፤ እዚህ ሲኞራ ይሏታል። በሰው አዝመራ መካከል በፈረስ የሚያልፍ ባለመሬት ብቻ ነው ያሉትን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ አላሳቀኝም። እዚህ ሰው በሰው መሬት ላይ በፈረስ ለማለፍ ይከፍላል፤ ንግዱ እሱ ነው። ይህን በጥር መጻፍ ነበረብኝ። ብዕሬን አነሣሁና አፈርሁ። እርስዎ ሰው ፊት ቆመው የተናገሩትን በወረቀት ማፍረስ አቃተኝ፤ ደግሞም እውነት ለመናገር፣ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ባለመሬት መሆኔን ወደድሁት።

የፎቶግራፉ ነጭ ፈረስ እንግዳ የሚቀመጥበት ነው፤ ሳሟሙቀው ነው የተነሣሁት። ሰልፉን የሚመራው የሲኞራዋ ልጅ ነው። እኔ በዝግተኛው ፈረስ ከኋላ እሄዳለሁ። የወደቀ ባርኔጣ አነሣለሁ፣ የፈራውን «አይዞህ» እላለሁ። እርስዎ ደባርቅ ላይ በቅሎ እየነዱ ለፈረንጅ ያደርጉት የነበረውን ነው። ድንጋዩ ቤት ስንደርስ ብርጭቆ አጥባለሁ። እንግዶቹ ወይኑን ይጎነጩና አፋቸው ውስጥ አንከባለው ወደ ባልዲ ይተፉታል፤ እንዳይሰክሩ ነው። ባልዲውን የምደፋው እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን፣ ይህ ሌላ ወይን ነው፣ የተባረከ አይደለም ብዬ ለራሴ ነገርሁት። አሁንም ስደፋው ፊቴን አዞራለሁ።

ታዲያ ዘቢቡ ከየት መጣ?

ዳማውስ ቆላ የወረደው በየትኛው ወር ነው? «ፈረስ ቆላ አይወርድም፣ ቆላ ፈረስ ይገድላል» ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

አገኘሁሽ


ጎንደር፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን የሚጽፈው እንኳየሁ የሚባል ሰው እጅ ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ በላስቲክ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ ይጽፋል። አያውቀኝም፣ አላውቀውም፤ ስለዚህ መረጥሁት።

ለአገኘሁሽ። ሰላምታውን ከዚያኛው ደብዳቤ ውሰጂው፤ ዛሬ አፌ አይመርቅም።

ያልሽኝን አደረግሁ፤ ከአፋፍ ወጥቼ አስነበብሁ። ግን ጆሮዬን ረስተሻል። ሰውየው ቀስ ብሎ ሲያነብ አልሰማሁትም። «ጩኽ» አልሁት። ጮኸ። «እኔ ዘቢብ አልላክሁም!» ብሎ ሲጮህ ባለጉዳይ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለፍቺ የመጣች አንዲት ሴት «ታዲያ ማን ላከው?» ብላ ጮኸች። ሳቁብኝ። ሰውየውን ይዤ ወደ ነገሥታቱ ግንብ ጥግ ወሰድሁት። እዚያ ቁራ እንጂ ሰው የለም።

እንኳየሁ ወረቀት ዘርግቶ እንደ ልማዱ «ከሳሽ ማነው?» አለኝ። እኔ አልሁ። «ተከሳሽስ?» እሱም እኔ አልሁ። «አባቴ፣ እንዲህ ያለ ፎርም የለኝም» አለ። እንግዲያው ዝም ብለህ የምልህን ጻፍ አልሁት።

መጋቢት ገባ፣ ካንቺ ምንም የለም። ቄሰ ገበዙ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ይጠብቀኛል። «ከምን ደረሰ?» ይለኛል። መንገድ ላይ ነው እለዋለሁ። ነጋዴውን ራሱ እንዳባረረው፣ ያባረረውም በእኔ ቃል እንደሆነ እያወቅሁ እንዴት የለም ልበል? ዘቢብ ከሌለ ቅዳሴ የለም። በንግሡ ቀን ሕዝቡ ከየአገሩ መጥቶ ሳይቀደስ ሊበተን ነው። ወይም ከጎረቤት ደብር ሊለመን ነው፤ የእነሱን አፍ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ዳማውን ይዤ ወጣሁ። ለግጦሽ ነው አልሁ። ደባርቅ ብሸጠው ያውቁኛል፣ ዳባትም ያውቁኛል። ሁሉን አልፌ ጎንደርን አቋርጬ ደምቢያ ሜዳ ወረድሁ። ኮላ ድባ ገበያ ላይ ሸጥሁት። የገዛኝ ሰው የፈረሱን ጥርስ አየ፣ እግሩን አነሣ፤ ዳማው ዝም ብሎ እኔን ያይ ነበር።

ስመለስ ጎንደር ገብቼ ዘቢብ ገዛሁ። ከማን ገዛሁ? «አታምጣ» ከተባለው ከዚያው ነጋዴ። «ለየትኛው ደብር ነው?» ሲለኝ የሌላ ደብር ስም ጠራሁ። ከእሱ ከረጢት ወደ አንቺ ሰማያዊ ከረጢት ገለበጥሁት። የተረፈውን ለንግሡ ድግስ በአንቺ ስም አዋልሁት። አንዲት ሳንቲም በእጄ እንዲቀር አልፈለግሁም፤ ይህ ይጽደቅልኝ አልልም፣ ግን እወቂው።

በንግሡ ቀን ሲባርኩሽ ከፊት ተቀምጬ ነበር። ሁሉ ቆረበ፤ እኔ ጉልበቴን አመመኝ አልሁና ቀረሁ።

ዛሬ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ኮላ ድባ ወረድሁ። ምን ልሠራ እንደወረድሁ አላውቅም። ዳማው ጋሪ ይጎትታል። የለስላሳ ሣጥን ተጭኖበታል። ታቦት ያጀበ ፈረስ፣ አባትሽ ገብረ ሚካኤል በምንጣፍ እንጂ ያለ ምንጣፍ ያልጫነው ፈረስ፣ ጠርሙስ እያንኳኳ ይሄዳል። ከእህል ሻጮች ጆንያ ኋላ ተደበቅሁ። ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። ፈረስ ሰውን በሽታው ያውቃል። ከሰው ተደብቄ አውቃለሁ፤ ከፈረስ ስደበቅ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባለጋሪው አላምረው ይባላል፣ ጎረምሳ ነው። አየኝና «አያ፣ ፈልገውት ነው?» ብሎ ጮኸ። አይ፣ እያየሁት ነው አልሁት።

አንቺስ ብትሆኚ ምነው በጥር ሳትነግሪኝ? አንዲት መስመር ብትጽፊ ፈረሱ በቤቱ ነበር። ይህን ስል አፍሬም እንደምል እወቂ።

ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ። ለማኅበሩ ግን ሞቼ እንኳ አልናገርም። አንቺም ለመሪጌታ እንዳትጽፊ።

አለበል

እንኳየሁ መልሼ ላንብብልዎ ወይ አለኝ። አይሆንም፤ ትጮሃለህ አልሁት።


ሲሲሊያ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ አለበል፣

እንደምን አሉ? የጻፉት ደርሶኛል። አራት ወር ሙሉ ብዕር አነሣሁ፣ አስቀመጥሁ። ስለ ዳማው ምንም መጻፍ አልችልም። ይቅር ብያለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ በውሸት ደግሞ ሁለታችንም ጠግበናል። ገና ነኝ። በጥር ዝም ባልል ኖሮ ያሉት ግን እውነት ነው፤ ሌሊት ሌሊት እሱ ነው የሚቀሰቅሰኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ዘቢብ አለ። በጥቅምት ወይኑ ተለቅሞ ሲያልቅ ግንዱ ላይ የሚቀር ትንንሽ ዘለላ አለ፤ ለቃሚው ጥቂት ነው ብሎ የሚተወው። እዚህ ማንም አይፈልገውም፣ ለወፍ ነው የሚቀረው። ሲኞራዋን «ልቃርም?» አልኋት። «ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። «ለቤተ ክርስቲያን» አልኋት። ራሷን ነቀነቀች፣ ፈቀደች። ፈረሶቹን ከፈታሁ በኋላ በየማታው ቃረምሁ። በጋጣው ጣሪያ ላይ፣ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ አሰጣሁት። ሁለት ጊዜ አመድ ዘነበበት፤ ሁለት ጊዜ አጠብሁት። ፍሬው ውስጥ ዘር አለው፣ ደቃቅም ነው። እንደ ነጋዴው አያምርም።

የእኔ ወይን አይደለም። ቃርሚያ ነው። ሲያስረክቡ ምን እንደሚሉ እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ እንዲህ በሉ አልልም።

አገኘሁሽ


አፋፍ ጊዮርጊስ፣ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይህን የሚጽፈው የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ እጅ ነው። ዛሬ እጁ አያምርም፤ ቸኩሏል። ቃሉ የእኔ ነው።

ለልጄ ለአገኘሁሽ። ያለፈው ምርቃቴ ሐሰት ነበረበትና እንደ አዲስ ልመርቅሽ። እግዚአብሔር የቃረምሽበትን እጅ ይባርክ።

ከረጢቱንና ደብዳቤሽን ደባርቅ ላይ ተቀበልሁ። ደብዳቤሽን አንድ አስተማሪ አነበበልኝ። ከዚያ መንገዱን ሙሉ ከረጢቱን ታቅፌ እያሰብሁ መጣሁ። ልንገርሽ፣ ያሰብሁት ሸጋ ነገር አልነበረም። «ይኸው እውነተኛው መጣ፣ ማን ያውቃል? አምና ላከች፣ ዘንድሮም ላከች። ነገሩ ተሸፈነ» አልሁ። ደስ አለኝ። እስከ አቀበቱ ድረስ ደስ ብሎኝ ሄድሁ።

ጥምቀት ያለ ዳማው አለፈ። «ዳማው የት አለ?» ሲሉኝ እግሩን አሞታል አልሁ። አንድ ፈረስ ስንት ጊዜ ይዋሽበታል? ቆላ ለግጦሽ ወረደ፣ እግሩ ታመመ። ትንሽ ቢቆይ ሞተ ልል ነው፤ እሱ ግን ኮላ ድባ ላይ ቆሞ ጋሪ ይጎትታል።

ዛሬ ማኅበሩ የሚጠጣው በእኔ ቤት ነው፤ ተራዬ ነው። ሰዎቹ ደጅ ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። ቅድም ቄሰ ገበዙ ከረጢቱን ፈታው፤ አንዷን ፍሬ በጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አየ። «ዘንድሮ ደቀቀች፣ ጭስ ጭስም ትላለች» ብሎ ጮኸልኝ። ከዚያ ቀና ብሎ «ይሁን፣ ከባለመሬቷ ልጃችን እጅ የመጣ ነው» አለ። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ «ቆዩ» አልሁ። «ቆዩ» ብዬ መሪጌታን እጁን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባሁት፣ በሩንም ዘጋሁት። ደጁ አሁን ምን ሆነ ብሎ ይጠብቃል።

የወንድሜን ፈረስ ሸጬ የነጋዴ ዘቢብ በአንቺ ከረጢት ያስገባሁ እኔ ነኝ ብለህ ጻፍ አልሁት። መሪጌታ ብዕሩን አስቀመጠ። «አለበል፣ ይህን ለነፍስ አባትህ በምሥጢር ተናገር» አለኝ። ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ አልሁት። «ታዲያ አበቃ። እግዚአብሔር ያውቀዋል።» እግዚአብሔርማ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ጎረቤቴ ነው አልሁት። «ምነው፣ በስተርጅናህ ስምህን ልታቃጥል?» አለኝ። ስሙን የሠራሁበት እንጨት ውሸት አይደል? አልሁት። ብዕሩን አነሣ። አምና «ንጹሕ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ የጻፈልሽ እሱ ነውና እሱም አፍሯል፤ ግንባሩን በነጠላው ይጠርጋል። የእሱ ጥፋት የለበትም። ይህንንም ጻፍ፣ መሪጌታ።

ልጄ፣ አንድ ነገር አለ፤ ከፈረሱ ይልቅ እሱ ይከብደኛል። ሠላሳ ዓመት የፈረንጅ በቅሎ ነድቻለሁ። ዳገት ላይ የደከመችውን ሴት በጀርባዬ አውጥቻለሁ፣ ገደል ጫፍ የወደቀ ባርኔጣ አንሥቻለሁ። አንድ ቀን አላፈርሁበትም። ልጆች ያደጉት፣ ይህ ቤት የቆመው በእሱ ነው። አንቺ ያንኑ ሥራ ባሕር ማዶ ስትሠሪው ግን አልበቃኝም። ባለመሬት ካልሆነች ብዬ በሰው ፊት መሬት ሰጠሁሽ። ሰው የሌለውን ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ የሰጠውን ለመሙላት ያለውን ይሸጣል። የሸጥሁት ደግሞ የእኔን እንኳ አልነበረም።

ስለ ባልዲው የጻፍሽውን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ፊትሽን ማዞርሽ ሸጋ ነው። እኔ ግን ፊቴን ሳላዞር ከመቅደሱ ፊት ተቀምጬ ነበር። ባልዲ ከሚደፋና በሐሰት ከሚመረቅ የቱ ይከፋል? መልስ አልፈልግም።

ይህ ዘቢብ የቃርሚያ ነው። ባለቤቱ ንቆ የተወው፣ ልጃችን ከሥራ በኋላ በየማታው የለቀመችው፣ በጋጣ ጣሪያ ላይ ያደረቀችው ነው። ገበዙ ይህን አውቆ ይቀበለው ወይም ይመልሰው። አምና የተቀበለው ግን ዳማውን ነው። የተቆረበው በዳማው ዘቢብ ነው። ይህን ማወቅ ለሁሉም ይገባል፤ ምናልባት ሊጸልዩበት ይፈልጋሉ። እኔ ካህን አይደለሁም።

ዳማውን መልሼ እገዛለሁ ብዬ አልምልልሽም። የማልፈጽመውን መማል በቅቶኛል። ነገ ግን ወደ ኮላ ድባ እወርዳለሁ። አላምረው ጋ ሄጄ ይህ ፈረስ የማን እንደነበር እነግረዋለሁ። ከፈቀደልኝ ጠርጌው፣ ኮቴውን አይቼለት እመጣለሁ። ካልፈቀደ ከጆንያው ኋላ ሳይሆን ከፊት ቆሜ ዳማው ያየኛል።

አንቺ ገና ነኝ ብለሻል። ገና ሁኚ። እጠብቃለሁ።

አጎትሽ አለበል

መሪጌታ፣ ጨረስህ? እንግዲህ መልሰህ አንብብልኝ። ከእጅህ ስም ጀምረህ፣ አንድ ቃል ሳታስቀር። ምን ታንሾካሽካለህ፣ ጆሮዬን ታውቀዋለህ። ጩኽ። ቆይ፣ ከመጀመርህ በፊት በሩን ክፈተው።